የተክል ጭማቂ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያን ያሸንፋል ወይስ ሳህን ላይ ብቻ ነው?

ተመራቂው

ሰላም ለሁላችሁ። የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ርዕስ እየመረጥኩ ነው። አማካሪዬ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ላይ የተክል ጭማቂ እንድሞክር ይገፋፉኛል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን ባነበብኩ ቁጥር ግራ እየገባኝ መጣ።

ጽሑፎቹ ቁርጥ አንድ ናቸው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ኤታኖል ወይም ሜታኖል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ የቀረው ወፍራም ነገር ወረቀት ዲስክ ላይ ይደረግና ባክቴሪያ የተዘራበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ዲስኩ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ክብ ይታያል። በማስመሪያ ይለካል። «18 ሚሊ ሜትር! ይህ ተክል ለአንቲባዮቲክ አማራጭ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ይደመደማል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስፍር ቁጥር የለውም። መድኃኒቱስ የታለ?

ዛሬ የሚታዘዙት አንቲባዮቲኮች ብዙዎቹ መነሻቸው ሻጋታ ወይም የአፈር ባክቴሪያ ነው፣ የቀሩት ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የተቀመሙ ናቸው። ፔኒሲሊን ከሻጋታ፣ ስትሬፕቶማይሲን ከአፈር ባክቴሪያ። ከተክል ተገኝቶ፣ ተውጦ ወይም በመርፌ ተሰጥቶ፣ ሰውነት ውስጥ የገባን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ፈልጌ አጣሁ። ወባ ላይ ግን ኩዊኒንም አርቴሚሲኒንም ከተክል ናቸው። ወባ ላይ የሆነው ባክቴሪያ ላይ ለምን እምቢ አለ?

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። እኔ ደግሞ ክብ ስለካ ከርሜ መመረቅ አልፈልግም። ነገሩን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ መንገድ ያዋጣል?

አጋር ሳህን

ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው የሚመረቀው፣ አንተ ቀድመህ ነቅተሃል።

በክቡ ልጀምር። ክቡ የሚናገረው ስለ ገዳይነቱ ብቻ አይደለም፣ ንጥረ ነገሩ አጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘም ጭምር ነው። አጋር አብዛኛው ውኃ ነው። ዘይትነት ያለው ወይም ግዙፍ የሆነ ሞለኪውል ዲስኩ አካባቢ ተጣብቆ ይቀራል፣ የቱንም ያህል ገዳይ ቢሆን ክቡ ጠባብ ነው። ደካማው ግን ውኃ ውስጥ በደንብ የሚሟሟው ሰፊ ክብ ይሠራልሃል። ለታወቁት አንቲባዮቲኮች ዘዴው የሚያገለግለው ዲስኩ ላይ ያለው መጠን ስለሚታወቅ፣ የአጋሩ ውፍረት ስለተወሰነና ክቡን ከሕክምና ውጤት ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ስላለ ነው። ለቅጠል ጭማቂ ያ ሠንጠረዥ የለም። ስለዚህ የዚህ ተክል 18 ከዚያኛው 14 ይበልጣል ማለት ወሬ ነው።

መጠየቅ ያለበት «ባክቴሪያው እንዳይበቅል ቢያንስ ስንት ያስፈልጋል?» ነው፣ ኤምአይሲ የምንለው። 96 ጉድጓድ ያላትን ሳህን ትወስዳለህ፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ መጠኑን በግማሽ እየቀነስክ ትሄዳለህ፣ ሁሉም ላይ እኩል ባክቴሪያ ትጨምርና ታሳድረዋለህ። ጠዋት ላይ፣ ጥርት ብለው ካደሩት ጉድጓዶች ትንሹ መጠን ያለበት መልስህ ነው። ችግሩ የተክል ጭማቂ ጥርት አይልም! ክሎሮፊሉ አረንጓዴ፣ ታኒኑ ቡናማ። ጉድጓዱን ያደፈረሰው ባክቴሪያው ይሁን ቅጠሉ በዓይን አትለየውም። ለዚህ ሬሳዙሪን የሚባል ቀለም ጠብ ታደርግበታለህ። ሰማያዊ ነው፣ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ካገኘው ሮዝ ይሆናል። ግን ተጠንቀቅ፣ አንዳንድ ጭማቂ ያለ ባክቴሪያም ቀለሙን ይቀይረዋል፣ ስለዚህ ጭማቂ ብቻ ያለበት ጉድጓድ ሁልጊዜ ይኑርህ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረው ላይ ቆንጥረህ አዲስ አጋር ላይ ዝራው። ካልበቀለ ሞቷል። ከበቀለ ተኝቶ ነው የነበረው።

ቁጥሩ ሲወጣ ነው ጉዱ የሚታየው። ባልተላመደ ባክቴሪያ ላይ ጥሩ አንቲባዮቲክ በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም አካባቢ ይበቃዋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ያነሰ። የተክል ጭማቂ ላይ ግን 1000 እና 5000 ማይክሮ ግራም ጽፈው «ጠንካራ ውጤት» የሚሉ ሞልተዋል። ያን ያህል ሰው ደም ውስጥ ማስገባት የማይታሰብ ነው። በዘርፉ ብዙዎች የሚቀበሉት ወሰን እንዲህ ነው፦ ያልተጣራ ጭማቂ በሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች ከሠራ፣ ተነጥሎ የወጣ ንጥረ ነገር ደግሞ ከ10 በታች ከሠራ፣ ልፋቱ ተገቢ ነው።

ወባውን በተመለከተ፣ አርቴሚሲኒን ጠላቱን የሚለይበት ብልሃት አለው። የወባ ተህዋሲ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ይበላል። ከዚያ የሚተርፈው ብረት ያለበት ሄም አርቴሚሲኒን ላይ ያለውን የኦክስጅን ትስስር ይሰብረዋል፣ መርዙም እዚያው ይቀሰቀሳል። ተህዋሲው በገዛ እጁ ነው የሚሞተው ማለት ይቻላል። ባክቴሪያ ላይ የምናያቸው የተክል ንጥረ ነገሮች ግን ብዙዎቹ እንዲህ መራጭ አይደሉም። ቲሞልና ካርቫክሮል የሴል ሽፋን ይበሳሉ፣ ሽፋን ደግሞ እኛም አለን። ታኒን ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይጨብጣል፣ የባክቴሪያ ነው የሰው ነው ብሎ አይጠይቅም።

በዚያ ላይ ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲዬላና ሱዶሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸው፣ አብዛኛው የተክል ንጥረ ነገር እሱን አያልፍም። ይህ ሽፋን የሌለው ስታፊሎኮከስ ላይ ሠርቶ እነዚህ ላይ ዝም ካለ አትገረም።

ፓምፕ ዘጊ

ኧረ ልጁን ተስፋ አታስቆርጡት! አጋር ሳህን ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን «ይገድላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው መንገድ ያሳተን።

ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያመልጥበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመርታል። አንዳንዱ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣል። ሌላው የገባውን መልሶ ይተፋል። ስታፊሎኮከስ አውሬስ ሽፋኑ ላይ ኖርኤ የሚባል ፓምፕ አለው፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከውስጥ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋዋል። ፓምፑ መራጭ አይደለም፣ በርበሪን የሚባለውን ቢጫ የተክል ንጥረ ነገርም እንዲሁ ይደፋዋል። በርበሪን ብቻውን ሲሞከር የሚደክመው አንድም በዚህ ነው።

በ2000 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ ርዕስ ከመምረጥህ በፊት ፈልገህ አንብበው። በርበሪስ ፍሬሞንቲ የሚባል በርበሪን የሚያመርት ቁጥቋጦ ወሰዱና ከዚያው ተክል ሌላ ንጥረ ነገር ለዩ፣ 5'-ሜቶክሲሃይድኖካርፒን። ስሙን ለመጥራት ምላስ ያስቸግራል። ይህ ነገር ብቻውን ባክቴሪያውን ምንም አያደርገውም። ዲስክ ላይ ብታስቀምጠው ክብ የለም፣ አውጥተህ ትጥለዋለህ። ከበርበሪን ጋር ስታደርገው ግን ኖርኤን ይዘጋዋል፣ በርበሪኑ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያው መብቀል ያቅተዋል። ተክሉ መርዙንም፣ መርዙ ተመልሶ እንዳይተፋ የሚያደርገውንም አንድ ላይ ነው የሚያዘጋጀው። ክብ ስላልሠራ ብቻ «ውጤት የለውም» ተብሎ ስንት እንዲህ ያለ ነገር ተደፍቶ ይሆን!

አዲስ ሐሳብ እንዳይመስልህ። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የሚሰጠው በዚሁ ስሌት ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ራሱ ደካማ ገዳይ ነው፣ ሥራው አሞክሲሲሊንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም መያዝ ነው። ምንጩ ተክል ሳይሆን ስትሬፕቶማይሲስ ክላቩሊጄረስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው፣ ጥምሩ ገበያ ላይ የዋለው ከ1981 ጀምሮ ነው። ረዳቱ ከተክል ቢመጣ ምን ይለዋል?

አሁን እውነቱን ልንገርህ፣ እስካሁን ፓምፕ ይዘጋል ተብሎ ለባክቴሪያ ሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ራውዎልፊያ ከሚባለው ተክል የሚገኘው ሬሰርፒን ኖርኤን ይዘጋል፣ ግን ለዚያ የሚያስፈልገው መጠን ለሰው መርዝ ነው። ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘው ፒፐሪንም ላብራቶሪ ውስጥ ይዘጋዋል፣ እሱም እዚያው ላብራቶሪ ነው ያለው። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው፣ አሸናፊ ገና አልተገኘም።

ፓምፑ ካልማረከህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፣ ሳይገድሉ ትጥቅ ማስፈታት። ሱዶሞናስ ብቻውን ሲሆን ጭምት ነው። ቁጥሩ ሲበዛ በኬሚካል ምልክት ይጠራራና መርዙንና የሚደበቅበትን አጣባቂ ሽፋን፣ ባዮፊልም የሚባለውን፣ አንድ ላይ ማምረት ይጀምራል። ከነጭ ሽንኩርት የሚገኘው አጆኢን ይህን መጠራራት ላብራቶሪ ውስጥ ያዳክማል። ክራንቤሪም ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ ኢ. ኮላይ የሽንት ቧንቧ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል ተብሎ ነው የሚሞከረው። ኢንፌክሽኑ ለሚመላለስባቸው ሴቶች መከላከያ ሆኖ እንደሚረዳ ማስረጃ አለ። ለመከላከል ነው ያልኩት፣ ለማከም አላልኩም።

ቅጠል ይሻላል

እናንተ ሰዎች ነገር ታወሳስባላችሁ። ፋብሪካ የሚሠራው አንድ ሞለኪውል ስለሆነ ባክቴሪያ ቶሎ ይለምደዋል። ተክል ውስጥ ግን መቶ ዓይነት ነገር አለ፣ ሁሉንም በአንዴ ሊለምድ አይችልም። እኔ አንቲባዮቲክ ከነካሁ ቆየሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ይበቃኛል፣ ደግሞም ምንም ሆኜ አላውቅም። ተፈጥሮ ያወቀችውን እናንተ 96 ጉድጓድ ውስጥ ትፈልጉታላችሁ 😄

ፋርማሲስቷ

ቅጠል ይሻላል፣ ወንድሜ፣ ከተናገርከው ውስጥ እውነት አለበት፣ ግን አደገኛውም እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

እውነቱን ላስቀድም። የተክል ውህድ አንዳንዴ ከተነጠለው ንጥረ ነገር ይበልጣል። በ2015 የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የእንግሊዝ የዓይን መድኃኒት አሰናዱ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ የሽንኩርት ዘመድ፣ ወይን ጠጅና የበሬ ሐሞት ተቀላቅሎ 9 ሌሊት የሚቆይ። ሜቲሲሊን የተላመደውን ስታፊሎኮከስ ክፉኛ ገደለው። ከዚያ አንዱን ብቻ እየቀነሱ ሲሞክሩት ኃይሉ ወረደ። በኋላ የመጣ ሥራም ባዮፊልም ውስጥ የተደበቀውን ለመግደል ሁሉም እንደሚያስፈልጉ አሳየ። ይህን ሳነብ እኔም ተደንቄያለሁ።

«ባክቴሪያ ተክልን አይለምድም» የሚለው ግን ሐሰት ነው። ፓምፕ ዘጊ እንደነገረህ ባክቴሪያ የተክልን መርዝ የሚተፋበት ፓምፕ አለው። ያውም ያው ፓምፕ አንቲባዮቲኩንም ይተፋል! በ1997 የታተመ ሥራ ላይ ተመራማሪዎች ኢ. ኮላይን የጥድ ዘይት ባለበት ማጽጃ አሳደጉት። ዘይቱን ችለው የተረፉት ለብዙ አንቲባዮቲኮችም የተላመዱ ሆነው ተገኙ፣ መድኃኒት ሳያዩ። ሳሊሲሊክ አሲድን ደግሞ ተመልከት፣ ብዙ ተክል ውስጥ ያለ፣ ስሙም ከአኻያ ዛፍ የመጣ። ኢ. ኮላይ ሳሊሲሌት ሲቀምስ ፓምፖቹን ያበረታል፣ መግቢያ ቀዳዳዎቹን ያጠባል፣ ቴትራሳይክሊንና ክሎራምፌኒኮል የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም ይደክሙበታል። ተመራቂው፣ ይህቺን ልብ በላት። የምትመርጠው ተክል አንቲባዮቲኩን ሊያግዝ ይችላል፣ ሊያደናቅፈውም ይችላል። ሁለቱንም ብትለካ ነው ሥራህ የሚነበበው።

ነጭ ሽንኩርቱም ላይ ልምጣ። ገዳዩ አሊሲን ነው፣ በ1944 ነው ተለይቶ የወጣው። ያልተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ የለም። ሲደቀቅ አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሽንኩርቱ ውስጥ ያለውን አሊይን ወደ አሊሲን ይቀይረዋል። ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም፣ የጨጓራ አሲድም ያበላሸዋል። የተፈጠረውም አሊሲን ቶሎ ይፈርሳል፣ ደም ውስጥ ደግሞ ወዲያው ከሌላ ነገር ጋር ይጣመራል። ሳህን ላይ ያየኸው ጉልበት ሳንባ ወይም ኩላሊት ድረስ አይደርስም። ምንም ሆነህ የማታውቀው ጤነኛ ስለሆንክ ነው፣ ያቆይልህ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላም አለ። ሰዎች ተክሉን ከታዘዘላቸው መድኃኒት ጋር ይወስዱታል፣ ለማንም አይናገሩም። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ተክል ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን ላብራቶሪ ውስጥ ስታፊሎኮከስን ይገድላል፣ ደስ ይላል። እዚያው ሃይፐርፎሪን ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል። የእርግዝና መከላከያ ይከሽፋል። ኩላሊት ወይም ልብ የተተከለለት ሰው የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን ደም ውስጥ ይወርድና ሰውነቱ የተተከለውን አካል ይገፋል፣ ይህ በእውነት የደረሰ ነገር ነው።

መጠንም አለ። የአንዱ ዓመት ቅጠል ከሌላው ዓመት አንድ አይደለም፣ የደረቀበት መንገድም ይለየዋል። መጠኑ አነስ ሲል ባክቴሪያው አይሞትም፣ ይለማመዳል። ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ስለ ፔኒሲሊን ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 የአርቴሚሲያን ሻይ ለወባ እንደማይደግፍ ያስታወቀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፣ ተክሉ የአርቴሚሲኒን ምንጭ ሆኖ ሳለ።

ቅጠል ይሻላል

የጥድ ዘይቱን አላውቅም ነበር፣ እሺ። ግን ፋብሪካዎቹም ለገንዘብ ነው የሚሠሩት፣ ተክል ላይ ባለቤትነት ስለማይገኝ ትተውት ነው የምለውን አልተውም።

ፓምፕ ዘጊ

ከፊሉ ልክ ነህ። ግን አዲስ አንቲባዮቲክ ራሱ ብዙም አያተርፍም፣ ሐኪም ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ሲታዘዝም ለጥቂት ቀን ነው። ተክል ስለሆነ ብቻ የተገፋ አይምሰልህ፣ አርቴሚሲኒንን ያየ ያውቀዋል።

ተመራቂው

በጣም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ቀየርኩ። ብዙ ተክል ሰብስቤ ክብ ከመለካት አንድ ወይም ሁለት ተክል ይዤ ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ልሞክር። ሲፕሮን የተላመደ ስታፊሎኮከስ አለን፣ ግን በምን እንደተላመደ አናውቅም። ይህ ችግር አለው? ደግሞ ጥምረቱን የምለካው እንዴት ነው?

አጋር ሳህን

አዎ፣ ችግር አለው። ሲፕሮን የሚላመደው በፓምፕ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱ የሚያርፍባቸው ኢንዛይሞች ተለውጠውም ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ፓምፑን ብትዘጋውም ለውጡ ትንሽ ነው፣ አንተ ተክሉን ትወቅሳለህ። ኤስኤ-1199ቢ የሚባል ኖርኤን ከመጠን በላይ የሚያመርት ዝርያ አለ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት። ከሱ ጎን ኖርኤ የተነቀለበትን ዝርያ አስቀምጥ። ጭማቂህ ፓምፕ ባለው ላይ ብቻ ሲፕሮውን ካበረታና ፓምፕ በሌለው ላይ ምንም ካላመጣ፣ ነገሩ ፓምፑ ነው። ሁለቱም ላይ እኩል ከሠራ ሌላ ነገር እየሆነ ነው።

ለጥምረቱ ያቺኑ 96 ጉድጓድ ተጠቀም። ሲፕሮው በአግድም እየቀነሰ፣ ጭማቂው በቁልቁል እየቀነሰ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የተለየ ቅልቅል ይሆናል። ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ ላይ ሲሆኑ የበቃቸውን መጠን ለብቻቸው ሲሆኑ ለሚያስፈልጋቸው አካፍለህ ሁለቱን ትደምራለህ። ድምሩ 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይጋገዛሉ። ከ4 በላይ ከሆነ ይጣላሉ። በመሐሉ ያለውን እባክህ «ተስፋ ሰጪ» አትበለው፣ ምንም ማለት አይደለም።

ፓምፕ ዘጊ

ፓምፑ መዘጋቱን በዓይንህ ለማየት ኢቲዲየም ብሮማይድ የሚባለውን ቀለም ተጠቀም፣ ኖርኤ እሱንም ይተፋዋል። ባክቴሪያው ውስጥ ሲጠራቀም ያበራል፣ ሲተፋ ብርሃኑ ይወርዳል። ጭማቂህ ብርሃኑ እንዳይወርድ ካደረገ ፓምፑ ተይዟል። ግን መጀመሪያ ጭማቂውን ብቻውን መሣሪያው ውስጥ አስገባ፣ በርበሪንን የመሰሉ የተክል ንጥረ ነገሮች ራሳቸው ያበራሉ፣ ውጤቱን ያበላሹብሃል። ኢቲዲየሙን ደግሞ ያለ ጓንት አትንካው።

ፋርማሲስቷ

ከኔ ሁለት ነገር። የተክሉን ናሙና አድርቀህ ዕፅዋት ማኅደር አስገባና የመዝገብ ቁጥር አውጣለት፣ አለዚያ የትኛው ዝርያ ላይ እንደሠራህ ማንም አያምንህም። ሁለተኛ፣ የሰው ሴል ላይ መርዛማነቱን ሳትለካ አትጨርስ። አንቲባዮቲኩን የሚያግዘው መጠን ሴሉን ከገደለ ቀጥሎ የሚሠራ ነገር የለም።

ተመራቂው

የሰው ሴል የምናሳድግበት ክፍል የለንም፣ ሌላ ዲፓርትመንት ግን አለ፣ እጠይቃለሁ። ጭማቂው ውኃ ውስጥ አልሟሟ ሲል ዲኤምኤስኦ የሚባለውን ማሟሚያ ፈሳሽ እጨምራለሁ፣ ስንት ድረስ ይፈቀዳል?

አጋር ሳህን

ጉድጓዱ ውስጥ ከ1 በመቶ አታስበልጠው፣ ለሴሉ ፈተና ደግሞ ከዚያም በጣም አውርደው። ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ረድፍም አስቀምጥ፣ ሳህኗ ላይ ቦታ አጣሁ ብለህ እንዳትተወው።